«የጉድጓድዎ ጥልቀት ስንት ነው?» የሰባት ቀን ማስታወሻ ከካሊፎርኒያ

ቀን 1፦ ሳክራሜንቶ

ሥራዬ ስብሰባ ማዘጋጀት ነው። ቀልድ አይደለም። «የባለድርሻ አካላት ምክክር» የሚል ባነር የተሰቀለበት አዳራሽ ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። ባነሩን ያሰቀለው፣ ወንበሩን የደረደረው፣ በር ላይ ቆሞ ያስፈረማችሁ እንደኔ ያለ ሰው ነው። ዓመታት ሠርቼበታለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሰው ይመጣል፣ ይናገራል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል፤ ሰነዱ ግን ከስብሰባው በፊት በነበረበት መልኩ ይታተማል። እስቲ ሌሎች ጋ እንዴት ነው ብዬ ተነሳሁ። ካሊፎርኒያን የመረጥኩት በከርሰ ምድር ውሃ ሕጋቸው ላይ ማን ማን መሰማት እንዳለበት በስም ዘርዝረው ስለጻፉ ነው።

አብሮኝ ያለው ጓደኛዬ ሃይድሮጂኦሎጂስት፣ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ነው። እሱ ይነዳል፣ እኔ እጠይቃለሁ። ስለ ሰው ብዙም አይገደውም፤ ስለ ሸክላ አፈር ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይታክት ያወራል።

ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። እዚህ አገር የወንዝ ውሃ ከመቶ ዓመት በላይ ፈቃድና ወረፋ አለው። ከመሬት በታች ያለው ግን በአብዛኛው ቦታ ልጓም አልነበረውም። መሬት ያለው ሰው ይቆፍራል፣ ፓምፕ ያወርዳል፣ ይስባል፤ ስንት እንደሳበ ጠያቂ የለውም። ከምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች የከርሰ ምድር ውሃን በግዛት ደረጃ ለመቆጣጠር የመጨረሻዋ ካሊፎርኒያ ናት። በመስከረም 2014፣ ከባድ ድርቅ ላይ እያሉ፣ ገዥው ጄሪ ብራውን ሦስት ረቂቆችን ባንዴ ፈረሙ። ዘላቂ የከርሰ ምድር ውሃ አስተዳደር ሕግ ተባለ። በምህጻረ ቃል «ሲግማ» ይሉታል፣ እኔም እንደዛው ልበለው።

ሲግማ ውሃውን ከግዛቲቱ ዋና ከተማ ከሳክራሜንቶ ሆኖ አያዝበትም። በየአካባቢው ኤጀንሲ አቋቁሙና እናንተው ዕቅድ አውጡ ይላል። ከ250 በላይ ኤጀንሲ ተቋቋመ። ውሃቸው በጣም የተራቆተ 21 ተፋሰሶች (የከርሰ ምድር ውሃ በጋራ የተከማቸባቸው አካባቢዎች) ዕቅዳቸውን እስከ ጥር 2020፣ ሌሎቹ እስከ ጥር 2022 ማስገባት ነበረባቸው። ከዚያ ሃያ ዓመት አላቸው። በነዚህ ዓመታት ስድስት ነገሮች ከልክ እንዳያልፉ ማድረግ ነው ግዴታቸው፤ የውሃው ወለል እንዳይወርድ፣ ክምችቱ እንዳይመናመን፣ የባሕር ጨው እንዳይገባ፣ ጥራቱ እንዳይበላሽ፣ መሬቱ እንዳይሰምጥ፣ ከሥሩ ውሃ የሚያገኝ ወንዝ እንዳይደርቅ።

የሚሰሙት ሰዎች ዝርዝር ደግሞ ረጅም ነው። ገበሬው አለ፣ የቤት ጉድጓድ ያለው አለ፣ የከተማ ውሃ አለ፣ የአገሬው ነባር ሕዝቦች አሉ፣ ድሃ መንደሮች አሉ፣ አሳና ረግረግ ሳይቀር ጠበቃ አላቸው። ሲያነቡት ደስ ይላል። ጡረታ የወጡ አንድ የውሃ ባለሙያ ቡና ጋብዘውን ይህንኑ ሳመሰግን ሳቁብኝ።

«ግሡን አይተሃል?» አሉኝ። «ግምት ውስጥ ያስገቡ ነው የሚለው። በሩን ክፈቱ ይላል እንጂ ወንበር ስጡ አይልም።»

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጡን። በሄዳችሁበት ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ አሉ፤ የጉድጓድዎ ጥልቀት ስንት ነው?

ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። በመንገድ ላይ ይገባችኋል አሉን።

ቀን 2፦ ፌርሚድ እና ሜንዶታ

በ99 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሳን ዋኪን ሸለቆ። ሜዳ ነው። የአልመንድ ዛፍ፣ ከዚያ የአልመንድ ዛፍ፣ ከዚያ ደግሞ ለለውጥ ያህል ፒስታቺዮ።

አልመንድ የዚህ ታሪክ ግማሽ ነው። ጥጥ ወይም ቲማቲም ሲሆን በድርቅ ዓመት መሬቱን ጦም ማሳደር ይቻላል። ዛፍ ግን ዓመት አይዘልም። ካልጠጣ ይሞታል፣ ሃያ ምናምን ዓመት ያፈራል የተባለለት ገንዘብ አብሮ ይሞታል። ስለዚህ ዝናቡ ሲጠፋ ዛፍ ያለው ሁሉ ወደ ታች ይቆፍራል። በደህናው ዓመት የግዛቲቱ ውሃ 40 በመቶ ገደማ ከከርሰ ምድር ይወጣል። በድርቅ ዓመት እስከ 60 በመቶ ይደርሳል።

ፌርሚድ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች መጥተው የሰፈሩባት ትንሽ መንደር ናት። ዙሪያዋን የዛፍ እርሻ ከቧታል። አንድ አዛውንት አጥር ተደግፈው አገኘናቸውና ጥያቄያችንን ጠየቅን።

«የድሮው ነው ያሁኑ?» አሉን።

ለካ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ነጥፏል። ሁለተኛውን በብድር አስቆፍረዋል። ከመንገዱ ማዶ ያለው እርሻ የሱ ጉድጓድ ስንት ይሆናል ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። «እሱማ ሲኦል ድረስ ነው የወረደው።»

ጓደኛዬ ከመኪናው ወርዶ በእንጨት አፈሩ ላይ ስሎ አስረዳኝ። ሁለት ሰዎች ካንድ ብርጭቆ በስትሮ እየጠጡ ነው እንበል። አንዱ ስትሮ አጭር ነው፣ ሌላው ረጅም። ሁለቱም እኩል ቢጠሙ እንኳ መጠጡ ሲጎድል መጀመሪያ አየር የሚስበው ባለ አጭሩ ነው። ባለ ረጅሙ ምንም አልተሰማውም። ስብሰባ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ «ውሃው ስንት ድረስ ይውረድ?» ብትላቸው፣ ጥያቄው አንድ ይመስላል እንጂ አንድ አይደለም።

ያኔ ነው የቤት ሥራው የገባኝ። የየኤጀንሲው ዕቅድ ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ ውሃው ከዚህ በታች አይውረድ የሚል ወለል። ዕቅዱ ሺህ ገጽ ቢሆን ሌላው ማብራሪያ ነው፣ ፖሊሲው ያቺ ቁጥር ናት። ያቺ ቁጥር ከጉድጓድህ በታች ከሆነች፣ ቀድመው አንተን አጥፍተውሃል። በአዋጅ ሳይሆን በግራፍ። በመጀመሪያዎቹ ዕቅዶች የተቀመጡት ወለሎች በሺዎች የሚቆጠሩ የቤት ጉድጓዶችን ደረቅ ሊያስቀሩ እንደሚችሉ አጥኚዎች ያኔውኑ ጽፈው ነበር።

ዕቅዱ ሲወጣ የጠየቀዎት ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ጥሪ ወረቀት መጥቶ ነበር» አሉ። በየትኛው ቀን? በሥራ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ወደ ሜንዶታ አቅጣጫ ወሰደኝ። እዚያ አካባቢ በ1977 የተነሳ ዝነኛ ፎቶ አለ። ጆሴፍ ፖላንድ የሚባል የጂኦሎጂ ባለሙያ ከአንድ ምሰሶ አጠገብ ቆሟል። ምሰሶው አናት ላይ 1925፣ መሃል ላይ 1955፣ እግሩ ሥር 1977 የሚሉ ሰሌዳዎች አሉ። በየዓመቱ የመሬቱ ገጽ የነበረበት ከፍታ ነው። በ52 ዓመት ውስጥ ወደ 9 ሜትር ሰምጧል። ምሰሶው የነበረበትን ትክክለኛ ቦታ ፍለጋ አልሄድንም፤ መንገድ ዳር ቆመን ሽቅብ አየን ብቻ። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት አስቡ። የዛሬ መቶ ዓመት እዚህ የቆመ ሰው እግሩ ጣሪያው ላይ ነበር ማለት ነው። የሚገርመው ደግሞ ዓይን ምንም አያይም። ሜዳው ባንድነት ስለወረደ ሜዳ ነው።

ቀን 3፦ ከቪሴሊያ ወደ ፖርተርቪል

ጠዋት የፍሪያንት-ከርን ቦይን ተሻገርን። 152 ማይል ይረዝማል፣ ወደ 245 ኪሎ ሜትር። ውሃው ያለ ፓምፕ፣ በተዳፋት ብቻ ነው የሚሄደው፤ ተዳፋቱ ደግሞ እጅግ ትንሽ ነው። እና መሃሉ ሰመጠ። ገበሬዎች ከጎኑ የከርሰ ምድሩን ውሃ ሲስቡ ቦዩ ሥር ያለው መሬት ወረደና ቦዩ እንደ ተኛ ገመድ ረገበ። መካከለኛው ክፍል ከመሸከም አቅሙ 60 በመቶውን አጣ። ማስተካከያው በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ነው፤ ከጎኑ አዲስ ቦይ እስከ መሥራት ተደርሷል። ማን ይክፈል የሚለው ክርክር እስከ ፍርድ ቤት ዘልቋል። ይኸውላችሁ፣ «ባለድርሻ» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ትርጉም ያገኛል። ከቦዩ ማዶ ያለ ሰው በሌላ ሰው ፓምፕ ምክንያት ውሃው ይቀርበታል፤ በስብሰባው ላይ ግን ስሙ ከዝርዝሩ ላይኖር ይችላል፣ ምክንያቱም ተፋሰሱ ሌላ ነው።

ኢስት ፖርተርቪልን በ2014 ዜና ላይ ያዩ ያስታውሷታል። ከከተማው ክልል ውጭ ስለሆነች ቤቶቹ በራሳቸው ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ነበር የሚኖሩት። በመቶዎች የሚቆጠሩት ነጠፉ። ሰዎች በየደጃቸው 2,500 ጋሎን የሚይዝ ታንከር ተተክሎላቸው በመኪና የሚመጣ ውሃ እየጠበቁ ኖሩ። ከ2016 ጀምሮ በግዛቱ ገንዘብ ከከተማው ቧንቧ ጋር ተገናኙ። ካሊፎርኒያ ንጹሕ ውሃ የሰው ልጅ መብት ነው ብላ በሕግ ያወጀችው በ2012 መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እኛ የሄድነው ግን ቧንቧው ያልደረሰበት፣ ከመንደሩ ራቅ ያለ አንድ ቤት ነው። እማማ ልበላቸው። እድሜያቸው ሰባ ያልፋል፣ ከሜክሲኮ መጥተው አርባ ዓመት ብርቱካን ሲለቅሙ የኖሩ ናቸው። ልጃቸው ያስተረጉማል። የጉድጓድዎ ጥልቀት ስንት ነው?

«አላውቅም ልጄ። ቤቱን ስንገዛ ነበረ።»

ወረቀት የለም። ቆጣሪም የለም። ይሄ ደግሞ የሕጉ አንድ ጉደኛ ገጽታ ነው። በዓመት እስከ 2 ኤከር ፉት ለቤት የሚጠቀም ሰው ቆጣሪ ግጠም ተብሎ አይገደድም (አንድ ኤከር ፉት 1,233 ሜትር ኩብ ገደማ ነው)። በደግነት የተደረገ ነው፣ ድሃን ላለማስጨነቅ። ግን ያልተቆጠረ ሰው ስብሰባ ላይም ቁጥር አይኖረውም። ባለ ትልቅ እርሻው ስንት እንደሳበ፣ ስንት እንደወረደ፣ ስንት እንደሚከስር በሰንጠረዥ ይዞ ይመጣል። እማማ «ቧንቧው አንዳንዴ ያነጥሳል» የሚል ነው የያዙት። አየር መሳብ ጀምሯል ማለት ነው፣ ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረኝ።

ጥልቀቱን ፈልገን እንነግርዎታለን ብዬ ቃል ገባሁ። የቆፋሪዎች ሪፖርት ከ2015 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ቀን 4፦ ስብሰባው

የየትኛው ኤጀንሲ እንደሆነ አልጽፍም። ሸለቆው ውስጥ ነው፣ ይበቃል።

አዳራሹ ንጹሕ ነው። ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ተደርድሯል (ሳቄን ዋጥኩት)። የስፓኒሽ አስተርጓሚ አለ፣ ጆሮ ማዳመጫ አለ፣ ቅጽ አለ። እንደ ባለሙያ ነጥብ ስሰጥ ሰባት ሰጠሁት።

ከዚያ ተራ ቁጥር አራት መጣ። የውሃው ወለል ማሻሻያ። ሊቀመንበሩ በእንግሊዝኛ «በዚህ ላይ አስተያየት?» አሉ። አስተርጓሚው ገና ካለፈው ዓረፍተ ነገር ጋር እየታገለ ነው። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ማዳመጫቸውን ሲያስተካክሉ አየሁ። «የለም? ድምፅ እንስጥ።» አለቀ። ሰዓቴን አይቻለሁ፣ አንድ ደቂቃ አልሞላም። ሴቶቹ መጨረሻ ላይ በአጠቃላይ አስተያየት ክፍል ሦስት ሦስት ደቂቃ ተሰጣቸው። ስለ ጉድጓዳቸው ተናገሩ። ተመሰገኑ። ቃለ ጉባኤው ላይ ይገባል ተባሉ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ማንም ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን ልበል። ቦርዱ ላይ ያሉት ገበሬዎች ራሳቸው ጭንቅ ላይ ናቸው፤ በሳን ዋኪን ሸለቆ ቢያንስ ግማሽ ሚሊዮን ኤከር መሬት እስከ 2040 ከእርሻ መውጣት ሊኖርበት እንደሚችል ተጠንቷል፣ የማን መሬት እንደሆነ ደግሞ ማንም አልተነገረውም። ቢሆንም ያቺ አንዲት ደቂቃ ሌሊቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም፤ እኔም እንዲህ ያለ ደቂቃ አዘጋጅቼ አውቃለሁ። አጀንዳ የሚያወጣ ሰው የቱን ነገር የቱ ሰዓት ላይ እንደሚያደርግ ያውቃል።

ቀን 5፦ ኮርኮራን

ጓደኛዬ ዛሬ ነቃ። እዚህ ከተማ ሥር ስሟን የተሸከመ ሸክላ አለ፣ ኮርኮራን ክሌይ። የጥንት ሐይቅ አፈር ነው፤ ከላይና ከታች ያለውን ውሃ እንደ ክዳን ይለያያል። ከክዳኑ በታች ውሃ ሲሳብ ግፊቱ ይቀንስና የሸክላው ቅጠሎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አንዴ ከተጣበቁ አይከፈቱም። ዝናብ ቢዘንብ፣ ጎርፍ ቢመጣ አይከፈቱም። የጠፋው ቦታ ለዘላለም ጠፋ። በአንዳንድ ዓመታት መሬቱ በዓመት ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ ወርዷል። ከተማዋን ከጎርፍ የሚከልለው ግድብም አብሮ ይወርዳል፤ በ2023 ለማሳደጉ ግዛቱ 17 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ።

በዚያው ዓመት ቱላሬ ሐይቅ ተመልሶ መጣ። ሐይቁ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ትልቁ የንጹሕ ውሃ ሐይቅ ነበር፤ ወንዞቹ ወደ እርሻ ተጠልፈው ደርቆ ጥጥና ቲማቲም ተዘራበት። ነባሮቹ ዮኩት ሕዝቦች «ፓአሺ» ይሉታል። ሲመለስ አንዱ እርሻዬ ጠፋ ብሎ አለቀሰ፣ ሌላው ዳር ቆሞ ዘፈነለት። ከዚያው ሕዝብ የሆነ አንድ ሰው «ባለድርሻ» ስለው በትሕትና አረመኝ። እኛ ባለድርሻ አይደለንም፣ መንግሥት ነን አለኝ። ልክ ነው። በፌዴራል ደረጃ እውቅና ያለው ነባር ሕዝብ በፈቃዱ ዕቅዱ ውስጥ ሊገባ ይችላል እንጂ እንደ አንድ ማኅበር ተጠርቶ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አይደለም። የኔ ባነር ላይ ይህ ልዩነት ተጽፎ አያውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የተሳትፎን ነገር የሚያጠና ሰው ኮርኮራንን ሳያውቅ ማለፍ የለበትም። በ1969 ጎርፍ ጊዜ እዚህ ያለው የውሃ ማከማቻ ዲስትሪክት (የአካባቢውን ውሃ የሚያስተዳድር ተቋም) ጎርፉን ወዴት እንምራ በሚለው ላይ ተጣላ። ዲስትሪክቱ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው ባለመሬት ብቻ ነበር፤ ለዚያውም በመሬቱ ግምት ልክ፣ ለየመቶ ዶላሩ አንድ ድምፅ። አንድ ኩባንያ ብቻውን ከግማሽ በላይ ድምፅ ነበረው። እዚያው የሚኖር ተከራይ ወይም ሠራተኛ፣ ቤቱ ውሃ ቢገባበት እንኳ፣ ድምፅ የለውም። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1973 ፍርድ ቤቱ ምን አለ? ይቻላል አለ። የዲስትሪክቱ ሥራ ውስን ስለሆነና ወጪውን የሚሸከሙት ባለመሬቶች ስለሆኑ አንድ ሰው አንድ ድምፅ የሚለው መርህ አይሠራበትም አለ።

ምክንያቱ ለኔ ውሃ አያነሳም። ግን ሕግ ነው። እና ሲግማ የመጣው ባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ዲስትሪክቶች ላይ ነው የተተከለው። ብዙዎቹ አዳዲስ ኤጀንሲዎች የተመሠረቱት ቀድሞ በነበሩ የውሃ ዲስትሪክቶች ነው። ዕቅዱን የጻፈው ማን እንደሆነ ካወቅህ፣ ቁጥሩ ለምን ዝቅ እንዳለ አያስገርምህም።

ታዲያ በመጋቢት 2023 የግዛቱ የውሃ ሀብት መምሪያ የስድስት ተፋሰሶችን ዕቅድ በቂ አይደለም ብሎ መለሰ። ኮርኮራን ያለችበት ቱላሬ ሐይቅ፣ የፌርሚዱ ቻውቺላ፣ የፖርተርቪሉ ቱሌ ሁሉም አሉበት። ከጉድለቶቹ ዋናዎቹ የቤት ጉድጓዶችና የመሬት መስመጥ ነበሩ። በሚያዝያ 2024 የቱላሬ ሐይቅ ተፋሰስ በአመክሮ ሥር ገባ፣ የመጀመሪያው ነው። በመስከረም ቱሌ ተከተለ። አመክሮ ማለት ሳቢው ሁሉ የሳበውን ለግዛቱ ያሳውቃል፤ በጉድጓድ 300 ዶላር፣ በኤከር ፉት 20 ዶላር ይከፍላል። የቤት ተጠቃሚ አይመለከተውም። ገበሬዎቹ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዱ።

ቡና ቤት ያገኘሁት አንድ የጥጥ ገበሬ «አምስት ትውልድ እዚህ ኖረን አሁን እንደ ወንጀለኛ አመክሮ!» አለኝ። ጉድጓዱን ጠየቅሁት። ሳያቅማማ መለሰ፤ አራቱንም፣ ጥልቀታቸውን በጫማ፣ ፓምፑ የተንጠለጠለበትን ሳይቀር። ከዚያ ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለ። «የጎረቤቶቼን የቤት ጉድጓድ ግን አላውቅም። ማወቅ ነበረብኝ መሰለኝ።»

ከአመክሮው ዛቻ በኋላ ብዙ ኤጀንሲዎች ለሚነጥፍ የቤት ጉድጓድ ማካካሻ ፕሮግራም አውጥተዋል። አስር ዓመት ሲለመን ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለ ነገር ቅጣት ሲመጣ በወራት ተሠራ።

ቀን 6፦ ኩያማ

በ166 ቁጥር መንገድ ተራራውን አልፈን ወረድን። ደረቅ፣ ውብ፣ ጸጥ ያለ ሸለቆ። እና መሃሉ ላይ ለምለም ካሮት።

ኩያማ አሳዝኖኛል። እዚህ ሰዎች ሁሉንም ነገር በሥርዓቱ አድርገው ነበር። አማካሪ ኮሚቴ ነበራቸው፣ ምሽት ምሽት እየተሰበሰቡ የሃይድሮሎጂ ሞዴል ማንበብ ተማሩ። ዕቅዱ መሃለኛው አካባቢ የሚሳበው ውሃ እስከ ሁለት ሦስተኛ እንዲቀንስ አስቀመጠ። ከዚያ በ2021 ሁለት ትልልቅ የካሮት ኩባንያዎች የእያንዳንዱ ሰው የውሃ መብት በፍርድ ቤት ይወሰን ብለው ከሰሱ። ክሱ ላይ ባለመሬት ሁሉ ተጠሪ ነው። ትንሽ የወይን እርሻ ያለው፣ ፍየል የሚያረባው፣ ትምህርት ቤቱ ሳይቀር ጠበቃ ማቆም ነበረባቸው። በ2023 ነዋሪዎቹ በየአጥራቸው ካሮት አትግዙ የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። አንድ ሁለቱን ዛሬም አይተናል፣ ጸሐይ አደብዝዟቸዋል።

አንዲት እርሻ ያላት ሴት የጉድጓዷን ጥልቀት ነገረችንና «ለጠበቃ የከፈልኩት ግን ከሱ ይጠልቃል» አለች። ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፣ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በ2023 መጨረሻ የወጣ ሌላ ሕግ ፍርድ ቤቶች በእንዲህ ያለ ክስ የትንሽ ገበሬዎችንና የድሃ መንደሮችን አጠቃቀም እንዲያዩ ያዛል። ከኩያማ ጩኸት በኋላ የመጣ ነው።

ማታ መኪና ውስጥ ብዙ አልተነጋገርንም።

ቀን 7፦ ዋትሰንቪል

እንጆሪ። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ያለው ችግር ጨው ነው፤ ካለፈው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ንጹሑ ውሃ ሲሳብ የባሕሩ ውሃ በሥሩ እየገፋ ገብቷል።

የፓሃሮ ሸለቆ ኤጀንሲ ከሲግማ ሠላሳ ዓመት ይቀድማል፣ በ1984 ነው የተቋቋመው። ልጅነቱ ግን ጥሩ አልነበረም። በሳቢዎች ላይ ክፍያ ጣለ፣ ሕዝቡን ድምፅ ሳያሰጥ። ተከሰሰ፣ በ2007 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተረታ፣ የሰበሰበውን መመለስ መጣ። በቃ ሞተ ሲባል ነው ነገሩ የተቀየረው። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ክፍያውን የተቃወሙት ገበሬዎች ራሳቸው ገቡበት፣ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀምጠው የትኛው ፕሮጀክት ስንት ውሃ በስንት ብር ያስገኛል የሚለውን እያንዳንዱን አንስተው ጣሉ። ክፍያው በድምፅ ጸደቀ። ከከተማው ጋር የተሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ ከ2009 ጀምሮ ለባሕር ዳር እርሻዎች ውሃ ይልካል፣ በወይን ጠጅ ቀለም ቧንቧ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በመሬቱ ላይ ኩሬ ሠርቶ የዝናብ ጎርፍ ወደ ምድር የሚያሰርግ ሰው ከክፍያው ተመላሽ ያገኛል።

የሆነ ቀን ሁሉም ተስማምተው ታቀፉ ማለቴ አይደለም። ጨውም ገና አልቆመም። አንድ እንጆሪ ገበሬ አሁንም ክፍያው በዛ ብሎ አንድ ሰዓት አማረረብኝ። ግን ሲያማርር ያየሁት ነገር አለ፤ የኤጀንሲውን ሂሳብ ከኔ በላይ ያውቀዋል። የቆጣሪ ሳጥኑን ከፍቶ አሳየኝ፣ ሸረሪት አድርቶበታል፣ በእጁ ጠርጎ ቁጥሩን አነበበልኝ። «ያኔ ከሳሾቹ ውስጥ ነበርክ?» አልኩት። «አባቴ» አለ። «ኋላ ኮሚቴው ውስጥም እሱ ነበር።»

ማታ ሆቴል ገብተን ጓደኛዬ የእማማን ጉድጓድ ፍለጋ ኮምፒውተሩን ከፈተ። ሪፖርቶቹ አሉ፣ ግን በካሬ ማይል ነው የተቀመጡት። በሳቸው ካሬ ውስጥ ብዙ ጉድጓድ አለ፤ ከፊሉ ስካኑ አይነበብም፣ ሁለቱ ላይ የባለቤቱ ስም ተሰርዟል። የትኛው የሳቸው እንደሆነ አናውቅም። ለልጃቸው ደወልኩ፣ አፈርኩ እያልኩ ነገርኩት። እሺ ብሎ ዘጋ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልእክት ላከ። ፎቶ አለው፤ እማማ በባትሪ ብርሃን ጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብለዋል፣ እጃቸው ላይ ጫፉ ብሎን የታሰረበት ረጅም ሲባጎ አለ። ከሥሩ ተጽፏል፦ «102 ጫማ ላይ ውሃ ነካ፣ 118 ላይ መሬት። የዕቅዱ ቁጥርስ ስንት ነው?»

ጓደኛዬ ፋይሉን አወረደ። ከሺህ ገጽ በላይ ነው። ማውጫውን ሁለቴ ወረደበት። «ሠንጠረዡ አባሪ ላይ ነው የሚሆነው» አለ፣ ወንበሩን ሳበ።